አንጎል ሲጎዳ የሚጠፋውና የማይጠፋው

 

ዛሬ ከታሪክ እንጀምር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። የኢያሱ አባት የእኛው የወሎ ገዥ ራስ ሚካኤል ነበሩ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ግን ንጉሡን ከባድ ሕመም ጣላቸው። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸው ተያዘ። የአድዋው ንጉሥ እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ድረስ፣ ከአራት ዓመት በላይ፣ ሳይድኑ ቆይተው ሞቱ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በስማቸው ያዘዙት ሌሎች ናቸው፤ መጀመሪያ እቴጌ ጣይቱ፣ ቀጥሎ እንደራሴው ራስ ተሰማ፣ ከዚያም ኢያሱ።

ሕመሙ ዛሬ ስትሮክ የምንለው ነው። በአንጎል ውስጥ የደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ፣ ደም ያጣው የአንጎል ክፍል ይሞታል። የሚጠፋው ነገር እንደ ቦታው ነው። የአንጎል ግራ ወገን ቀኝ እጅንና ቀኝ እግርን ያዛል። በብዙ ሰው ዘንድ ንግግርም በግራ በኩል ነው። ስለዚህ ቀኝ ጎኑ የሰለለ ሰው ብዙ ጊዜ አንደበቱም ይያዛል።

ታዲያ ማስታወስስ የት ነው? ይህ የታወቀው በአንድ አሜሪካዊ መከራ ነው። ስሙ ሄንሪ ሞላይሰን ነው። የሚጥል በሽታ ያሠቃየው ስለነበር፣ በ1945 ዓ.ም. ሐኪሙ ዊልያም ስኮቪል ከአንጎሉ ከግራም ከቀኝም ቆርጠው አወጡ። በሽታው ቀነሰለት። ግን ሌላ ጉድ መጣ! ልጅነቱን ያስታውሳል፤ አሁን ያነጋገረው ሰው ወጥቶ ቢመለስ ግን አያውቀውም።

ብሬንዳ ሚልነር የተባሉ ተመራማሪ አንድ ሥራ ሰጡት። እጁን በመስተዋት ብቻ እያየ፣ በኮከብ ሥዕል ዙሪያ በእርሳስ እንዲሄድ ነው። እስቲ ሞክሩት፤ እጅ መሄጃው ይጠፋበታል። ሄንሪም መጀመሪያ ተሳሳተ። ለሦስት ቀን ደጋገመው፤ በሦስተኛው ቀን እጁ ጥሩ አድርጎ ሄደ። እሱ ግን ከዚያ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ አላስታወሰም። እጁ ተምሯል፤ ሰውዬው መማሩን አያውቅም! እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

የእጅ ልምድን የሚይዙት ሌሎች የአንጎል ክፍሎች ናቸው። አንዱ ከማጅራት በላይ ያለው ትንሹ አንጎል ነው። እናንተም መጀመሪያ እርሳስ ስትጨብጡ «ሀ» ተጣሞባችሁ አልነበረም? አሁን እጃችሁ ሳትነግሩት ይጽፋል። እርፍ ጨብጦ ማረስም እንዲሁ ነው።

በየመንደሩ አንድ ሰው በድንገት ሲወድቅ «መጋኛ መታው» ይባላል። አፉ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ አልነሳ ካለ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ «ሲነጋ እናየዋለን» አትበሉ። እዚያው በሰዓቱ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ በቶሎ ከደረሰ የሚድን የአንጎል ክፍል አለ። ከተረፈ በኋላ መናገር ቢያቅተውም፣ ፊቱ ቆማችሁ «ይሄማ አለቀለት» አትበሉ፤ ይሰማ ይሆናል። እርጅና ስማችሁን ያስረሳት እናት ካለቻችሁም፣ ስንደዶውን፣ አክርማውንና ወስፌውን አቅርቡላት። እጇ የሚያውቀው ስፌት ይኖር ይሆናል።