ስለ አንድ የዲፕሎማሲ ቤተ መዘክር አሳብ

ጋሻና ጎራዴ የተሰቀለበት ቤተ መዘክር ተመልካች አያጣም። የመንግሥታት ውል ግን የሚያስረዳ ሰው ካልተገኘ ለዓይን ወረቀት ብቻ ነው። እንዲህም ሆኖ የአሜሪካ መንግሥት የዲፕሎማሲውን ታሪክ ለሕዝብ ለማሳየት ብሎ፥ በዋሽንግተን ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘ ቤተ መዘክር ለመሥራት በ2006 ዓ.ም. መሠረት ጥሏል። በአገራችንም እንዲህ ያለ ቤት ቢቆም በመጀመሪያው ክፍል ምን ሊቀመጥ ይገባል? እኔ እንደሚመስለኝ የውጫሌ ውል ነው።

ይህ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል፥ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጽፎ ተፈረመ። በአማርኛው 17ኛው አንቀጽ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ኤውሮፓ መንግሥታት ለሚልኩት ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ ሊረዱ መቻላቸውን ይናገራል። በኢጣልያንኛው ግን በኢጣልያ በኩል ለመላክ ተስማምተዋል የሚል ነበረ። የሮማ መንግሥትም ይህን እንደ ግዴታ ቈጥሮ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ሲል ለኤውሮፓ አስታወቀ። ምኒልክ መንገሣቸውን ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ጽፈው ነበረና የመጣላቸው መልስ ጉዳይዎን በኢጣልያ በኩል ይላኩ የሚል ሆነ። ከዚህ በኋላ በደብዳቤ ተከራከሩ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉ አስታወቁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነገሩ በዓድዋ ተፈረደ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት አጸና።

በሁለት ቃላት መካከል ስንት ሺህ ሰው እንደ ወደቀ ልብ ይሏል። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የውጭ ቋንቋ የተማርን ልጆች፥ የትርጉም ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ከመዝገበ ቃላቱ ፊተኛውን ቃል አንሥተን እንገላገላለን። (እኔም ከዚህ ሐሜት ነጻ አይደለሁም።) ስለዚህ ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፥ ተማሪ በጣቱ እየተከተለ እንዲያነባቸው እመኛለሁ።

አንዳንዱ ድላችን ብቻ ይታይ ይል ይሆናል። ለድሉማ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለን። በዚህኛው ቤት ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ ያሰሙት አቤቱታ፥ ከእርሱም አጠገብ የመንግሥታቱ ማኅበር ብዙ ሳይቈይ በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ማንሣቱ አብሮ ይታይ።

ቦታውን በተመለከተ ከአፍሪካ አዳራሽ ባይርቅ ደስ ይለኛል፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተፈረመው በዚያ ነውና።