የአይሮፕላን ምሕንድስና የመጀመሪያ ተማሪዎች

የአይሮፕላን ታሪክ ሲነገር አዘውትሮ የሚወሳው የአብራሪው ጀግንነት ነው። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ግን የተማሪውን ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የራይት ወንድማማቾች በ1903 ከበረሩ በኋላ፥ በብዙ ስፍራ አይሮፕላን ይሠራ የነበረው በግምት ነበር፤ ስሕተቱም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። በ1914 የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኰንን የነበረው ጄሮም ሀንሴከር በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአይሮፕላን ምሕንድስና ማስተማር ጀመረ። አስቀድሞ በ1913 የአውሮፓን የምርምር ቤቶች ጐብኝቶ ስለ ነበር፥ በእንግሊዝ አገር ያየውን አብነት አድርጎ የነፋስ ዋሻ አሠራ። ይህም ነፋስ በሞተር ኃይል የሚነዳበት ረጅም ሣጥን ነው፤ ትንሹ የአይሮፕላን ምስል የሚቆምበት ክፍል ወርዱም ቁመቱም 4 ጫማ ነበር። ነፋሱ ምስሉን ምን ያህል ሽቅብ እንደሚያነሣው፥ ምን ያህልም ወደ ኋላ እንደሚገፋው በሚዛን ይለካል። እንግዲህ ተማሪው በዚህ ትምህርት የለመደው ከሁሉ አስቀድሞ መመዘንን ነው፤ ክንፉን በጥቂቱ አዘንብሎ መለካት፥ ጽፎ ማስላት፥ እንደ ገናም መለካት።

ከተማሪዎቹ መካከል ቻይናውያን ነበሩ። አንዱ፥ ዎንግ ጹ፥ ትምህርቱን በ1916 ፈጽሞ ሲያትል ከተማ ገና በተቋቋመው በቦይንግ ኩባንያ ተቀጠረ። እሱ የነደፈውን «ሞዴል ሲ» የተባለውን ውሃ ላይ የሚያርፍ አይሮፕላን የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1917 50 አዘዘ፤ ለኩባንያውም የመጀመሪያው ትልቅ ሽያጭ ይህ ሆነ። በ1962 ለኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች ያስረከበው ይኸው ኩባንያ ነው።

ዎንግ ጹ ግን እዚያ አልቀረም፤ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1918 በፉጆው ከተማ አጠገብ፥ በማዌይ የመርከብ ፋብሪካ ውስጥ፥ የአይሮፕላን መሥሪያ ክፍል ሲከፈት፥ እሱና በዚያው ኢንስቲትዩት የተማረው ባ ዩዛዎ ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር ሥራውን ያዙ። በ1919ም የመጀመሪያውን የባሕር አይሮፕላን ሠርተው አወጡ።

ይህ ሊሆን የቻለው በተማሪዎቹ ዕውቀት ብቻ ነውን? አይመስለንም። የማዌይ የመርከብ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1866 ነው። ተማሪዎቹ ሲመለሱ እንጨትና ብረት መሥራት የሚያውቁ እጆች፥ መሣሪያና የሥራ ልማድ ቆይተዋቸዋል። በአንጻሩ የአይሮፕላን ሞተር የሚሠራ ፋብሪካ ስላልነበረ፥ ሞተሩ ከውጭ አገር መምጣት ነበረበት። ዕውቀቱ የሚያርፍበት ባገኘ ቦታ ፍሬ ሰጠ፤ ባላገኘበትም ቆመ።

ከአገራችንም ለትምህርት ወደ ውጭ የሚሄደው ተማሪ ብዙ ነው። ስለ እሱ ሲወራ ሁላችንም የምንጠይቀው «ይመለስ ይሆን?» ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ «ሲመለስ ምን ይቆየዋል?» የሚለው ሲሆን፥ ይህን መመለስ ያለብን አገር ቤት የቀረነው ነን።

ዎንግ ጹ በመጨረሻ ዘመኑ በታይዋን የቼንግ ኩንግ ዩኒቨርሲቲ የአይሮፕላን ምሕንድስና አስተማሪ ሆኖ በ1965 ዐረፈ።