ኮምፒውተራችሁ ተንቀራፈፈ? ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ኢንተርኔቱን ፈትሹ

ቤት ዋይፋይ ገብቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ "ኮምፒውተሩ ሞቷል" ይባልና ጥገና ቤት ይወሰዳል። ፎርማት ሲደረግ ባክአፕ ያልተያዘለት የመመረቂያ ጽሑፍና የቤተሰብ ፎቶ አብሮ ይጠፋል። ቤት ተመልሶ ዋይፋዩ ሲገናኝ ደግሞ ያው መንቀራፈፍ ይመጣል። በደሴና በኮምቦልቻ ላላችሁ ተከታታዮቻችን ችግሩን ራሳችሁ የምትለዩበትን መንገድ በቅደም ተከተል አዘጋጅተናል።

1. መጀመሪያ ለዩ
ዋይፋዩን አጥፉ፤ በኬብል ከሆነ ንቀሉት። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉና ዎርድና ፎልደሮችን ከፍታችሁ እዩ። አሁንም ከተጎተተ ችግሩ የኮምፒውተሩ ነው፤ ሃርድ ዲስክ፣ ራም ወይም ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ከፈጠነ ግን ጥፋቱ ከኔትወርኩ ጋር የተያያዘ ነውና ቀጥሉ።

2. ከጀርባ የሚያወርደውን ያዙ
ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። "ኔትወርክ" እና "ዲስክ" የሚሉትን ዓምዶች እዩ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት የዊንዶውስ አፕዴት ወይም ዋንድራይቭን ነው። አፕዴቱ መስመሩን ብቻ ሳይሆን ዲስኩንም ስለሚይዝ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ጭራሽ አላንቀሳቅስ ይላል። በዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ "ሜትርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አብሩት፤ አብዛኛው ማውረድ ይቆማል። ማታ ማታ ግን አጥፉትና አፕዴቱ ይውረድ፤ ለደህንነት ያስፈልጋል።

3. የተጋራ ፎልደርና ፕሪንተር
ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ፎልደር ወይም ፕሪንተር ካላችሁና ያኛው ኮምፒውተር ከጠፋ፣ የእናንተው መልስ ሲጠብቅ ፎልደር መክፈት እንኳ ያቅተዋል። የማትጠቀሙበትን ግንኙነት አስወግዱ።

4. ዋይፋዩ ነው ወይስ መስመሩ?
ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ "ፒንግ" የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቀጥሎም የራውተሩን አድራሻ ጻፉ። በብዙ ራውተሮች 192.168.1.1 ነው። ከዚያ በ8.8.8.8 ድገሙት።

ራውተሩ ራሱ ዘግይቶ ከመለሰ ወይም መልሱ ከተቆራረጠ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ቆርቆሮ ዋይፋይን ያዳክማሉ። ራውተሩን ከቁም ሳጥን ጀርባ አውጥታችሁ ከፍ ያለ ቦታ አድርጉት። ባለ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ በቅርብ ይፈጥናል፤ ግድግዳ ለማለፍ ግን 2.4 ይሻላል።

ራውተሩ ፈጥኖ መልሶ 8.8.8.8 ከዘገየ፣ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቪዲዮ እየጫነ እንዳልሆነ አረጋግጡ። ካልሆነ ከቤት ውጭ ያለው መስመር ይጠርጠር። በመዳብ የስልክ መስመር የምትጠቀሙ ከሆነ ክረምት ላይ ውሃ የገባበት መጋጠሚያ ኢንተርኔቱን ያቆራርጣል። የቤት ስልኩን አንስታችሁ ስሙ፤ "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ካለ ወደ 994 ደውላችሁ አስመዝግቡ።

5. ፍጥነቱን አስሉ
4 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ነው። 1 ጊጋባይት ፋይል ለማውረድ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ይህ ብልሽት ሳይሆን የፓኬጁ አቅም ነው።

ይህን ሁሉ አይታችሁ ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነ፣ ፋይላችሁን በፍላሽ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ ሳትገለብጡ ኮምፒውተሩን ለማንም አትስጡ። ለሚያስፈልገው ሰው አጋሩት።