በሁለት ቀጠሮዎች መካከል፦ የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ ታካሚዎች የሚሰጥ የነርስ እንክብካቤ ከዳንግላ አንጻር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሚታዘዘው በጤና ተቋም ነው፤ የሚወሰደው ግን በቤት፣ በማሳ፣ በመንገድና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። ይህ መጣጥፍ ዳንግላንና አካባቢዋን መነሻ አድርጎ መድኃኒቱ በታካሚው የዕለት ኑሮ ውስጥ የሚገጥመውን ፈተናና የነርስን ድርሻ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ነርስ ለእነዚህ ታካሚዎች የምታደርገው ትልቁ እንክብካቤ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ያሉትን ቀናት ከታካሚው ጋር አስቀድሞ ማሰብ ነው። ለዚህም የሕመሙ አጠራር፣ የግፊት አለካክ፣ የመድኃኒቶቹ ጠባይ፣ ጾምና ጸበል፣ እንዲሁም የቀን አቆጣጠር በየተራ ይታያሉ።

ቁልፍ ቃላት፦ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የነርስ እንክብካቤ፣ መድኃኒት አወሳሰድ፣ ዳንግላ

1. መግቢያ

ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ እንጅባራና ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ከተማ ናት። ከተማዋ ሆስፒታል አላት፤ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ያገለግላሉ። ከአቅም በላይ የሆነው ሕመም ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይላካል። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው በወር አንድ ቀን ወደ ክትትል ክፍል ይመጣል። ካርድ አውጥቶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ግፊቱን ተለክቶ፣ መድኃኒቱን ይዞ ይመለሳል። ከባለሙያው ጋር ፊት ለፊት የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። ቀሪዎቹን 29 ቀናት መድኃኒቱን ይዞ ብቻውን ነው።

ችግሩ የአንድ ወረዳ ብቻ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ሁኔታዎች ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ከመቶው 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ መድኃኒት አይወስዱም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ያህል ጎልማሶች የደም ግፊት እንዳለባቸውና ከአምስቱ አራቱ በቂ ሕክምና እንደማያገኙ ገልጿል።

በአገራችን ከደም ግፊት ጎን ለጎን የሩማቲክ የልብ ሕመም አለ። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የልብን ክዳኖች ያበላሽና ገና በወጣትነት ትንፋሽ ያሳጥራል። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው የልብ ማዕከል ለዚሁ ሕመም መልስ ለመስጠት የተነሡ ናቸው። በዳንግላ የክትትል ክፍል አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የ65 ዓመት አዛውንትና የ19 ዓመት ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢገኙ አያስገርምም፤ የሚወስዱት መድኃኒትም በከፊል አንድ ሊሆን ይችላል።

2. “ደም ብዛት” የሚለው ስም

ሕዝቡ ሕመሙን የሚጠራው “ደም ብዛት” ብሎ ነው። ስሙ የራሱን ትርጉም ይዞ ይመጣል። ደም የበዛበት ሰው ደሙ ሲቀንስለት ይድናል ማለት ነው፤ ከዳነ በኋላ ደግሞ መድኃኒት ለምን ይውጣል? ራስ ምታቱ ሲተወው፣ ማጅራቱ ሲቀለው “ተሽሎኛል” ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል። አንዳንዱም ነጭ ሽንኩርት ወይም ሽፈራው ይበቃኛል ይላል። የደም ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አይሰጥም። ምልክት ሳይሰጥ ኩላሊትን፣ ልብን፣ ዓይንንና አንጎልን ይጎዳል።

ስለዚህ ትምህርቱ ከስሙ ይጀምራል። “ደምዎ አልበዛም፤ ደሙ የሚሄድበት ቧንቧ ጠቦና ጠንክሮ ልብዎ በኃይል እየገፋው ነው። ክኒኑ ቧንቧውን ያላላል፤ ሲያቆሙት ተመልሶ ይጠባል” የሚል ማብራሪያ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ታካሚው አፉን የፈታው በአዊ ሕዝብ ቋንቋ በአውኚ ከሆነ ይህን በአውኚ መስማት አለበት። የታካሚውን ቋንቋ የሚናገር ባልደረባ ተጠርቶ ቢያስረዳ ለሕክምናው የዋለ ጊዜ ነው።

አጠያየቅም እንደዚሁ ነው። “አባባ፣ መድኃኒትዎን በደንብ ይወስዳሉ?” ለተባሉ ሰው “አዎ” ማለት ይቀላቸዋል፤ ባለሙያን ማክበሪያና መገላገያ መልስ ነው። “መቼም ሥራ ሲበዛ መርሳት አለ፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?” ብላ ነርሷ ብትጠይቅ ግን እውነቱን ለመናገር በር ይከፈታል። የተረፈውን ፍሬ ይዘው እንዲመጡ አድርጎ መቁጠርም ሳያሳፍሩ እውነቱን ለማወቅ ይረዳል።

3. የአለካክ ጥንቃቄ

የተሳሳተ ልኬት የተሳሳተ መድኃኒት ያሳዝዛል። ከገጠር ቀበሌ በእግሩ መጥቶ፣ ተራ እንዳያልፈው ተጣድፎ የገባ ሰው ወዲያው ቢለካ የሚነበበው የድካሙ ግፊት ነው። ዳንግላ ደጋማ ናትና ሰው ጋቢና ወፍራም ሹራብ ደርቦ ይመጣል። እጅጌው ወደ ላይ ሲጠቀለል ክንዱን እንደ ገመድ ያስረዋል፤ በልብሱ ላይ ቢለካም ንባቡ ይዛባል። ክንድ ተንጠልጥሎ፣ ፊኛ ሞልቶ ወይም እየተነጋገሩ መለካት ንባቡን በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ደንቡ የታወቀ ነው። ታካሚው ሽንቱን ሸንቶ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን መሬት አስረግጦ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቀመጣል። ከመለካቱ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና አይጠጣም። ክንዱ ባዶ ሆኖ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ መጠቅለያው ከክንዱ ውፍረት ጋር ይመጥናል። ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለካል። ከሁሉም በላይ “ዛሬ ጠዋት መድኃኒትዎን ውጠዋል?” ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ከቁጥሩ ጎን መጻፍ አለበት። “ሆስፒታል ስለምሄድ ሳልውጥ መጣሁ” የሚል ብዙ ነውና፣ ሳይጠየቅ ቀርቶ መጠን ቢጨመርለት ቤቱ ሲገባ ግፊቱ ከሚገባው በታች ይወርዳል።

ለአረጋውያን ተቀምጠው ከተለኩ በኋላ ቆመውም መለካት ይገባል። በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ የመውደቅ አደጋ አለ። ሐኪሙ እንዲያውቀው ማድረግና “ከመኝታዎ ሲነሡ ጥቂት ይቀመጡ፣ ቀስ ብለው ይቁሙ” ብሎ መምከር የነርስ ሥራ ነው።

4. የመድኃኒቶቹ ጠባይ

ነርሷ ለታካሚው ከመድኃኒቱ ስም ይበልጥ የሚያደርገውንና የሚያስጠነቅቅበትን መናገር ይጠበቅባታል።

ፉሮሴማይድ፣ ሰዉ ላዚክስ የሚለው፣ ሽንት ያበዛል። በቀን ሁለት ጊዜ ከታዘዘ ሁለተኛው ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ይወሰድ እንጂ ማታ አይወሰድ፤ ያለዚያ አዛውንቱ በጨለማ ደጅ ሲመላለሱ ይወድቃሉ። ውኃ የቋጠረ የልብ ድካም ታካሚ በየጠዋቱ ሸንቶ፣ ሳይበላ ቢመዘን መልካም ነው። ሚዛን በሌለበት ቤት የእግር እብጠት፣ የቀበቶ ቀዳዳና የትራስ ቁጥር ይናገራሉ፤ በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው ሦስት ከፈለገ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ መምጣት አለበት።

ዳይጎክሲን በሚሰጥ መጠንና በሚመርዝ መጠን መካከል ጠባብ ልዩነት ያለው መድኃኒት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ ምንጩ ስለሆነው ተክል በ1785 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ ስለ መመረዙም አስጠንቅቋል። ከመስጠት በፊት የልብ ምትን በደረት ላይ በማዳመጫ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ግድ ነው። የአዋቂ ሰው ምት ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ሳይሰጥ ለሐኪም ይነገራል። የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ ነገር ሁሉ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ መታየት የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። ፉሮሴማይድ ፖታሲየምን ከሰውነት ያስወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ዳይጎክሲን ይበረታል። በአዊ በሰፊው የሚመረተው ድንች ጥሩ የፖታሲየም ምንጭ ነው። ይሁንና ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚወስድ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየሙ ከልክ በላይ ሊያሻቅብ ስለሚችል ምክሩ ለሁሉም አንድ አይሆንም።

ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል። ታካሚው ጉንፋን መስሎት ሽሮፕ ሲገዛ ይከርማል። የከንፈርና የምላስ እብጠት ከመጣ ግን አስቸኳይ ነው። ይህ መድኃኒት ፅንስን ይጎዳልና በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ስለ እርግዝና በየቀጠሮው ትጠየቅ፤ ማርገዝ ካሰበች እንደ ሜቲልዶፓ ያለ ምትክ አለ። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ምት ያዘገያሉ፣ አስም ያባብሳሉ፣ ስኳር ሲወርድ የሚታየውን የልብ ትርታ ይሸሽጋሉ፤ በድንገት ሲቆሙ የደረት ሕመምና የግፊት መናር ሊያመጡ ይችላሉ።

ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። መጠኑ የሚስተካከለው በደም ምርመራ (INR) ሲሆን፣ ለብዙዎቹ የሚፈለገው ውጤት ከ2 እስከ 3 ነው። የድድ ደም፣ ጥቁር ዓይነ ምድር ወይም ምክንያቱ የማይታወቅ የቆዳ መበለዝ ማስጠንቀቂያ ነው። አስፕሪንና ዳይክሎፌናክን ከመደብር ገዝቶ መጨመር አደጋ አለው።

ለሩማቲክ የልብ ሕመም ታካሚዎች በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ደግሞ ከነርስ እጅ የማይወጣ ሕክምና ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ክዳናቸው በጣም ተጎድቶ የልብ ድካም ምልክት ያሳዩ ታካሚዎች ከመርፌው በኋላ በልባቸው ችግር ሊወድቁ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ትንፋሽ ያጠረው ወጣት ሲመጣ መርፌው ተይዞ ሐኪም ይጠየቅ፤ በአፍ የሚወሰድ አማራጭ አለ። ለሌሎቹ ግን መርፌው እንዳያመልጥ ቀኑን ጽፎ መከታተል ያስፈልጋል።

5. ጾም፣ ስግደትና ጸበል

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ብዙ ምእመን እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ ይውላል። “መድኃኒትም ጾም ይሽራል” ብሎ የሚያምን ታካሚ የጠዋቱን ፍሬ ያሳልፋል። ሌላው ደግሞ ፉሮሴማይዱን በባዶ ሆዱ ውጦ፣ ውኃ ሳይጠጣ፣ ስቅለት ዕለት ይሰግዳል። ደጋግሞ ጎንበስ ቀና ማለት ግፊት ለሚያወርድ መድኃኒትና ለተጠማ ሰውነት ከባድ ፈተና ነው። ራሱን ስቶ ቢወድቅ ጥፋቱ የእምነቱ አይደለም፤ አስቀድሞ ያልነገረው ሰው ጥፋት ነው።

የጾም ወጥም ለውጥ ያመጣል። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነውና፣ በሁዳዴ በየቀኑ ጎመን የሚበላ የዋርፋሪን ታካሚ የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንስበታል። ምክሩ ጎመን እንዲተው አይደለም፤ በፍስክም በጾምም መጠኑን እኩል እንዲያደርግ ነው። በረመዳን የሚጾም ሙስሊም ታካሚም የመድኃኒቱ ሰዓት ወደ ሱሁርና ወደ ኢፍጣር እንዲዛወር ከጾሙ መግባት በፊት ከሐኪሙ ጋር ሊነጋገር ይገባዋል።

ጸበል ቦታ ሱባኤ የሚገባ ታካሚ መድኃኒቱን ቤቱ ትቶ እንዳይሄድ መንገዱ መተባበር ነው። ለዚህ አገራችን ምሳሌ አላት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መገባደጃ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች በእንጦጦ ጸበል መድኃኒቱን ሲያቋርጡ፣ የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስተምረዋል። ነርሷም የታካሚውን የንስሐ አባት ብታማክር ትልቅ ረዳት ታገኛለች። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የምታደርገውን ቅለት ከካህን አፍ የሰማ ሰው በልቡ አይጠራጠርም።

6. የቀጠሮ ሒሳብ

ገበሬው ቀጠሮውን በቁጥር ብቻ አይዝም፤ በበዓል ይይዛል። “ለሚካኤል ይምጡ” የተባለ በ12 ይመጣል። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ስለሆነ ከጥቅምት 12 እስከ ኅዳር 12 በትክክል 30 ቀን ነው፤ 30 ፍሬ ይበቃዋል። ነሐሴ 12 የመጣ ታካሚ ግን ለመስከረም 12 ቢቀጠር በመካከል ጳጉሜን አለች። ቀናቱ 35 ናቸው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 36። 30 ፍሬ ይዞ የሄደ ሰው በአዲስ ዓመት ማግሥት፣ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ በሆነበት ወቅት ለ5 ቀናት መድኃኒት የለውም። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወስድና የ30 ቀን መድኃኒት የያዘ ከሆነ 10 ፍሬ ይጎድልበታል። ፕሮፕራኖሎል በድንገት ሲቋረጥ የሚያስከትለው አደጋ ከላይ ተጠቅሷል።

የጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋም እንዲሁ ነው። ግፊቱ ለተረጋጋ ታካሚ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት፣ በመካከል ያለውን ልኬት ለቅርቡ ጤና ጣቢያ ማስተላለፍ የሚቻልባቸው አሠራሮች ሊጠናከሩ ይገባል። ማንበብ ለማይችል ሰው በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ መሣልና፣ አብሮት ለመጣው ልጁ ወይም ጎረቤቱ ማስረዳት ወረቀት ከመስጠት የተሻለ ነው። ከመሄዱ በፊት “እስኪ ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ እንዴት እንደሚነግሩ ለእኔ ይንገሩኝ” ብሎ መጠየቅ መልእክቱ መድረሱን ያረጋግጣል።

7. ማጠቃለያ

በ1954 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የማኅበረሰብ ነርሶችን ያሠለጥን የነበረው ነርስ ታካሚውን በቤቱና በኑሮው ታውቀው ዘንድ ነው። ሥር የሰደደ ሕመም በበዛበት በዚህ ዘመን ያ ሐሳብ ከምንጊዜውም ይልቅ ያስፈልገናል። ከላይ የተዘረዘረው አብዛኛው ነገር አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። 5 ደቂቃ ማስቀመጥ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ምት መቁጠር፣ ሳያሳፍሩ መጠየቅ፣ ጾሙን አስቀድሞ ማሰብ፣ ቀኑን መቁጠር ናቸው። የሚጠይቀው ጊዜ ነው፤ የክትትል ክፍል ኃላፊዎችም ይህን ጊዜ ለነርሶቻቸው በሥራ ድልድል መስጠት አለባቸው። ነርሶች ሆይ፣ ነሐሴ 12 የመጣው ታካሚ 35 ፍሬ መያዙን ሳታረጋግጡ አትሸኙት።