ደላላው የማን ነው?

አክስቴ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ በምትባል ከተማ ትኖራለች። ለሃያ ዓመታት አረጋውያን ስትንከባከብ ኖራ፣ ጥቂት ዓመት ይሆነዋል፣ ቤት ልትገዛ ተነሳች። አንድ ሌሊት (እዚያ ገና ቀን ነው) ስልኬ ጮኸ። የአንድ ገጽ ወረቀት ፎቶ ልካልኛለች። ከስሩ ድምጿ አለ፦ «አንቺ ጋዜጠኛዋ፣ እስቲ ይቺ ወረቀት ምን እንደምትል ንገሪኝ። ፈርሜ ሰጥቼዋለሁ፤ ግን ልወቀው ብዬ ነው።»

ልብ በሉልኝ፤ ከፈረመች በኋላ ነው የምትጠይቀኝ! ለነገሩ የትኛችን ነን አንብበን የምንፈርመው?

ወረቀቷ በቴክሳስ ፈቃድ ያለው የቤት ደላላ ሁሉ ከደንበኛ ጋር ቁም ነገር ማውራት ሲጀምር እንዲሰጥ ሕግ የሚያስገድደው መግለጫ ናት። ደላላው የሻጭ ወኪል ሲሆን ምን ግዴታ እንዳለበት፣ የገዢ ሲሆን ምን፣ በሁለቱ መሃል ሲቆም ምን እንደሆነ በየተራ ትዘረዝራለች። አንዷ መስመር ላይ ስደርስ እንቅልፌ ጠፋ። የሻጭ ወኪል የሆነ ደላላ ስለ ቤቱም ሆነ ስለ ሽያጩ የሚያውቀውን ቁም ነገር ሁሉ ለሻጩ መንገር አለበት ትላለች፤ ገዢው ራሱ የነገረውን ጨምሮ።

«እቴቴ፣ ልጁ የማን ወኪል ነው?» አልኳት።

«የእኔ ነዋ! የሐበሻ ልጅ እኮ ነው። እናቴ እያለ ነው የሚጠራኝ።»

«ቤቱ ደጃፍ ላይ የተተከለው ማስታወቂያ የማንን ስም ይላል?»

ዝም አለች። ቆይታ «የእሱን» አለች።

«እስከ ስንት መክፈል እንደምትችዪ ነግረሽዋል?»

«አዎ። እስከ 340 ሺህ እችላለሁ ብዬዋለሁ።»

ለቤቱ የተጠየቀው 325 ሺህ ዶላር ነበር። በመጨረሻ 338 ሺህ ገዛችው። ምናልባት ገበያው ነው፤ እኔ አላውቅም። የማውቀው ልጁ እንዳልዋሻት ነው። ወረቀቱን ሰጥቷታል፤ እሷም ፈርማለች። ሕጉ የጠየቀው ተሟልቷል።

እና ይቺ ወረቀት ከየት መጣች? ማን ጻፋት? ለምንስ አክስቴን ሳታድናት ቀረች? ይህንን ስከታተል የመቶ ዓመት ታሪክ ውስጥ ገባሁ። እንሂድ። (ዓመቶቹ እኔ ካልገለጽኩ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመንገድ ዳር ወደ ፈቃድ

በእኛ አገር ደላላ መሃል የቆመ ሰው ነው። ሻጭና ገዢን ያገናኛል፣ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ኮሚሽኑን ይቀበላል፣ መንገዱን ይቀጥላል። «የማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። አሜሪካኖች ከእንግሊዝ የወረሱት ሕግ ግን ሌላ ነው። እዚያ ወኪል ማለት ለወከለው ሰው ታማኝ የሆነ፣ ምስጢሩን የሚጠብቅ፣ የሰማውን ሁሉ የሚነግር ሰው ነው። ስለዚህ «የማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ የገንዘብ ጥያቄ ነው።

ችግሩ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቤት ማሻሻጥ ለማንም ክፍት የሆነ ሥራ ነበር። ቢሮ የሌላቸው፣ መንገድ ዳር ቆመው የሚያሻሽጡ ነበሩ። ነገሩ ያሳፈራቸው ደላሎች በ1908 ቺካጎ ላይ ተሰብስበው ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። በ1913 የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። በ1916 ደግሞ ቻርልስ ቻድበርን የሚባል የሚኒያፖሊስ ደላላ ለማኅበሩ አባላት ብቻ የሚሆን ቃል ፈጠረላቸው፦ ሪልተር።

መንግሥትም ተከተለ። ካሊፎርኒያ በ1917 ያወጣችው የፈቃድ ሕግ በፍርድ ቤት ወደቀ፤ በ1919 እንደገና አወጣችውና ጸና። ቴክሳስ በ1939 ሕጉን አወጣች፣ በ1949 ደግሞ የሚቆጣጠረውን ኮሚሽን አቋቋመች። ደላላው ባለፈቃድ ሆነ።

ፈቃዱ ግን የሚናገረው ማን መሥራት እንደሚችል ነው፤ ለማን እንደሚሠራ አልነበረም። የሥነ ምግባር ደንቡም ቢሆን ገዢውን ሁሉ እኩል የሚያይ እንዳይመስላችሁ። በ1924 የማኅበሩ ደንብ አባላት የአካባቢውን የቤት ዋጋ ይጎዳል የሚባል ዘር ወይም ዜጋ ወደ ሰፈር እንዳያስገቡ ይከለክል ነበር። ዘር የሚለው ቃል ከደንቡ የወጣው በ1950 ነው። በቤት ሽያጭና ኪራይ በዘር ማግለልን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ደግሞ የወጣው በ1968 ነው። እንደ አክስቴ ያለች ጥቁር ሴት የፈለገችው ሰፈር ውስጥ ቤት መግዛቷ በሕግ የተጠበቀው ያኔ ነው ማለት ነው።

ቅዳሜን ሙሉ አብሮህ የዋለው ሰው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የአሜሪካ ደላሎች አንድ ጥሩ ዘዴ ነበራቸው። አንዱ ደላላ የሚሸጥ ቤት ሲያገኝ ለብቻው አይደብቀውም፤ በጋራ የቤቶች ዝርዝር ላይ ያወጣዋል። ሌላው ደላላ ገዢ ካመጣ ኮሚሽኑን ይካፈላሉ። ለሻጭም ለገዢም ይመቻል።

ዘዴው ውስጥ ግን አንድ ነገር ተደብቋል። በዝርዝሩ ደንብ መሠረት ገዢውን ይዞ የሚመጣው ደላላ በሕግ ፊት የሻጩ ንዑስ ወኪል ነበር። አስቡት፦ አንድ ሰው ቅዳሜን ሙሉ በመኪናው ይዟችሁ ይዞራል፣ ቡና ይጋብዛችኋል፣ ስለ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ይጠይቃል። እናንተም ደመወዛችሁን፣ የባንክ ብድራችሁን፣ የመጨረሻ አቅማችሁን ትነግሩታላችሁ። ያ ሰው ግን አይቶት የማያውቀው የሻጩ ወኪል ነው። የነገራችሁትን ለሻጩ ቢያደርስ አልከዳችሁም። እንዲያውም ባያደርስ ነው የሚከዳው፤ ሻጩን።

ይህን ገዢዎች ያውቁ ነበር? በ1983 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለ ቤት ድለላ ረጅም ጥናት አወጣ። ከሌላ ደላላ ጋር ሆነው ቤት ከገዙት ሰዎች መካከል ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ያ ደላላ የእኛ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ማለትም አብዛኛው ገዢ ምስጢሩን ለተቃራኒው ወገን እየነገረ ነበር፤ ሳያውቀው።

አክስቴ ብቻዋን አይደለችም ማለት ነው።

የተንሸራተተው ቤት

በዚያው ሰሞን ሌላ ጥያቄ ደግሞ ከካሊፎርኒያ መጣ። ደላላው የእኔ ባይሆንስ፣ ስለ ቤቱ ጉድ ሊነግረኝ አይገባም?

አንዲት ሴት በ1976 ዲያብሎ በምትባል ቦታ ቤት ገዛች። ዋጋው 170 ሺህ ዶላር። ቤቱ በደንብ ባልተጠቀጠቀ የተሞላ አፈር ላይ ነው የተሠራው። ብዙም ሳይቆይ መሬቱ ተንሸራተተ። ጉዳቱን ለማስተካከል እስከ 213 ሺህ ዶላር ይጠይቃል ተባለ፤ ከዋጋው በላይ! የሻጩ ደላሎች መሬቱ ሙሌት መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ተዳፋቱ ላይ አፈር የሚይዝ መረብ አይተዋል፤ አንደኛው የእንግዳ ቤቱ ወለል የተዛባ መሆኑን አስተውሏል። ምርመራ ግን አልጠየቁም፤ ለገዢዋም አልነገሯትም።

በ1984 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የሻጭ ደላላም ቢሆን ቤቱን በጥንቃቄ መመልከት፣ ያገኘውንና ማግኘት የነበረበትን ጉድለት ለገዢው መንገር አለበት አለ። እስከዚያ ድረስ «ገዢ ራሱ ይጠንቀቅ» የሚለው የቆየ ልማድ ብዙ ደላላ ያመለጠበት በር ነበር። ካሊፎርኒያ በቀጣዩ ዓመት ይህን ግዴታ በሕግ አጸናችው።

ሁለቱን ነገሮች እንለያቸው፤ ብዙ ሰው ይምታታበታል። የቤቱን ጉድለት መንገር አንድ ነገር ነው፤ ለተቃራኒውም ወገን ይነገራል። ታማኝነት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የሚገባው ለወከለው ሰው ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ሊነግራት ግዴታ ነበረበት። የመጨረሻ ዋጋዋን ሊደብቅላት ግን ግዴታ አልነበረበትም።

የወረቀቶች ዘመን

ከ1983ቱ ጥናት በኋላ ግዛቶቹ ተራ በተራ «ደላላው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይናገር» የሚል ሕግ ማውጣት ጀመሩ። የካሊፎርኒያው በ1988 ሥራ ላይ ዋለ። ብሔራዊ ማኅበሩም በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጋራ ዝርዝሩ ላይ ንዑስ ወኪልነትን ግዴታ ማድረጉን ተወ። ያኔ ነው «የገዢ ወኪል» የሚባል ነገር በሰፊው የተወለደው።

ይህ ደግሞ አዲስ ጣጣ አመጣ። አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ አንዱ ሠራተኛ ሻጩን፣ ሌላው ገዢውን ከወከለ ድርጅቱ የማን ነው? በሚኒሶታ ኤዲና ሪልቲ የተባለው ድርጅት በዚህ ተከሰሰ። በ1993 ፍርድ ቤቱ ደንበኞች የተሰጣቸው ማሳወቂያ በቂ አይደለም አለ። ፎርሙ አለ፤ ፊርማውም አለ። ሰዎቹ ግን ምን እንደፈቀዱ በቅጡ አልተነገራቸውም።

ቴክሳስ በ1995 ያወጣችው ሕግ ለዚህ «መካከለኛ» የሚል መፍትሔ አበጀ፤ ከጥር 1996 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ድርጅቱ ሁለቱንም ወገን ማስተናገድ የሚችለው ሁለቱም በጽሑፍ ከፈቀዱ ብቻ ነው። ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ባለፈቃድ ሊመድብ ይችላል። በጽሑፍ ካልተፈቀደለት ሻጩ ከጠየቀው በታች እንደሚቀበል ለገዢው፣ ገዢው ካቀረበው በላይ እንደሚከፍል ለሻጩ መናገር አይችልም። አክስቴና ሻጩ እንዲህ ያለ ስምምነት ፈርመው ቢሆን ኖሮ ያቺ 340 ሺህ ምስጢር ሆና በቀረች ነበር። እሷ የፈረመችው ግን መረጃ መቀበሏን ብቻ ነው።

ታሪኩ ገና አላለቀም። በጥቅምት 2023 መጨረሻ በሚዙሪ ካንሳስ ሲቲ ዳኞች ማኅበሩና ትልልቅ የድለላ ድርጅቶች በኮሚሽን አከፋፈል ተመሳጥረው ሻጮችን ጎድተዋል ብለው 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈረዱባቸው። ማኅበሩ በመጋቢት 2024 በ418 ሚሊዮን ዶላር ለመስማማት ተስማማ። ከነሐሴ 17 ቀን 2024 ጀምሮ የጋራ ዝርዝሩን የሚጠቀም የገዢ ወኪል ቤት ከማሳየቱ በፊት ከገዢው ጋር ምን ያህል እንደሚከፈለው ጭምር በጽሑፍ መዋዋል ግዴታው ሆነ። ቴክሳስ ደግሞ ከጥር 2026 ጀምሮ ንዑስ ወኪልነትን ከሕጓ ፍቃ አወጣች። ቅዳሜን ሙሉ አብሮን የሚውለው የሻጭ ሰው በወረቀት ላይ ሞተ።

እኛስ?

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚል አይጠፋም። ቆይ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የራሳችን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2208 እና 2209ን ክፈቱ። ወኪል ለወከለው ሰው ፍጹም ቅን መሆን አለበት ይላል። የሚሠራው ለወካዩ ጥቅም ብቻ ነው፤ ወካዩ ሳያውቅ ከጉዳዩ ጥቅም ማግኘት አይችልም፤ በሥራው ያገኘውን መረጃ በወካዩ ላይ አይጠቀምም። ከቴክሳሱ ፎርም ጋር ስታስተያዩት ሐሳቡ ወንድማማች ነው። ሰፈራችን ያለው ደላላ ግን አገናኝ እንጂ የማንም ወኪል አይደለም፤ ውክልና ካልሰጣችሁት ያ ሁሉ ቅንነት ለእናንተ የተጻፈ አይደለም። እኛ ግን «ወንድሜ» ስንባል የኪሳችንን እንዘረግፋለን።

የአሜሪካኖቹን መቶ ዓመት ካየሁ በኋላ የገባኝ ይህ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት የመጣው አንድ ሰው የእኔ ነው ብሎ ያመነው ሰው የሌላ ሆኖ ስላገኘው ነው። ወረቀቱ ግን ደላላውን የእናንተ አያደርገውም። የማን እንደሆነ ይናገራል፤ እሱንም ላነበበው። በማያውቀው ቋንቋ ለተጻፈለት፣ «እናቴ» ብሎ በሚጠራው ልጅ እጅ ለተሰጠው ሰው ወረቀቱ ጌጥ ነው።

አክስቴ ቤቷን ትወደዋለች። ጓሮዋ ውስጥ ጎመንና ቃሪያ ተክላለች። ልጁንም አልተጣላችውም፤ ሰርግ ላይ ሲገናኙ ይሳሳማሉ። ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ቤት ልገዛ ነው የሚል ሰው ሲገኝ ስኒዋን ታስቀምጣለች። «ስንት እንዳለሽ ከመንገርሽ በፊት» ትላለች፣ «የማን ነህ ብለሽ ጠይቂው። ካፈረ ሌላ ፈልጊ። ወረቀቱን ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት ለእህቴ ልጅ እንልክላታለን።»

እና አሁን በሳምንት አንድ ሁለት ወረቀት ይመጣልኛል። ሌሊት፣ በእንቅልፌ ሰዓት። ከመፈረማቸው በፊት ስለሆነ አላማርርም።