ቆጣሪው ማንን ይቆጥር ነበር?

1998 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የጡመራ ታሪክ እንግዳ ዓመት ነው። በኅዳር ወር ጉግል፣ ኧርቺን የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ ያገኘውን የጎብኚ መመዝገቢያ «ጉግል አናሊቲክስ» ብሎ ሰይሞ ድረ ገጽ ላለው ሁሉ በነጻ አቀረበ። በግንቦት ወር ደግሞ በርካታ የፖለቲካ ጦማሮች ይስተናገዱበት የነበረው ብሎግስፖት ከአገር ውስጥ አልከፈት አለ። መንግሥት እጄ የለበትም ይል ነበር፤ ኦፕንኔት ኢኒሺየቲቭ የተባለው የተመራማሪዎች ኅብረት ግን ፈትሾ መዘጋቱን አረጋገጠ። ጦማሪው መቁጠሪያ ባገኘበት ዓመት የሚቆጥረውን አንባቢ ተነጠቀ።

ውድ አንባቢያን፣ ቆጣሪ ስል መብራት ኃይል በየግቢው የሚሰቅለውን ማለቴ አይደለም። ጦማሪው ከኩባንያው የተሰጠውን ጥቂት መስመር ኮድ ቀድቶ በገጹ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ገጹን የከፈተ ሰው ኮምፒውተር፣ ባለቤቱ ሳያውቅ፣ የሁለት ቤት ደጅ ያንኳኳል፤ አንዱ የጦማሪው፣ ሌላው የቆጣሪው ባለቤት ነው። ኩባንያው የአይፒ አድራሻውን፣ የገባበትን ሰዓት፣ ከየት እንደመጣና ምን እንዳነበበ ይመዘግባል፤ ኩኪ የሚባል ምልክትም ስለሚተውበት ሲመለስ ይለየዋል። «ለወዳጅዎ ያጋሩ» የሚሉት ቁልፎችም ከዚህ እምብዛም አይለዩም። ቁልፉ ገና ሳይነካ፣ ገጹ ላይ መታየቱ ብቻ ይበቃዋል።

በአገራችን ይህ መሣሪያ ያሳየው ሥዕል የተዛባ ነበር። አዲስ አበባ ወይም መቐለ ሆኖ የተዘጋ ጦማር ማንበብ የፈለገ ሰው በፕሮክሲ ዞሮ ይገባል፤ ቆጣሪው የሚያየው የፕሮክሲውን አገር ነው። ስለዚህ የኢንተርኔት ካፌው ደንበኛ አሜሪካዊ ወይም ጀርመናዊ ሆኖ ይመዘገባል። ጽሑፉ በኢሜይል የደረሰው፣ ወይም በወረቀት ታትሞ ያገኘው፣ ከነጭራሹ የለም። በገጻቸው ጥግ የዓለም ካርታ ሰቅለው ጎብኚ በመጣ ቁጥር ቀይ ነጥብ የሚያሳርፉ ጦማሮችም ነበሩ፤ ዋሽንግተን ላይ ነጥቡ ሲያብጥ ኢትዮጵያ ባዶዋን ትቀራለች። በእኔ እይታ ያ ካርታ በጽሑፎቻችን ላይ ተጽዕኖ ሳያሳድር አልቀረም። በየማለዳው «አንባቢህ ውጭ ነው» የሚል ሰንጠረዥ የሚቀርብለት ጸሐፊ፣ ቀስ በቀስ ለውጭው ሰው መጻፍ ይጀምራል፤ ስለ ጤፍ ዋጋ መጻፉን ትቶ ስለ አሜሪካ ምክር ቤት ረቂቅ ሕግ ይተነትናል።

ከብሎግስፖት የሸሹት ወደ ዎርድፕረስ ሄዱ። ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ይህ ሶፍትዌር ክፍት ምንጭ ነው፤ ኮዱን ማንም ያነብባል፣ ይመረምራል፣ ያሻሽላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ለፕለጊን በር ከከፈተ ወዲህ ቆጣሪና ማጋሪያ መጨመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆነ። ለመሆኑ ያ ቤት ከዚያ በኋላ ክፍት ነበርን? ፕለጊኑ ራሱ ይነበባል፤ የሚጠራው ኮድ ግን ከኩባንያው ሰርቨር የሚመጣ ነው፤ ዛሬ አንድ ነገር፣ ነገ ሌላ ነገር ሊሠራ ይችላል። የተሰበሰበውም መዝገብ ለጦማሪው በማጠቃለያ ብቻ ይደርሰዋል።

የዚህ ነገር ክብደት በሐምሌ 2006 ዓ.ም. ጎልቶ ታየኝ። በዚያ ወር በሚያዝያ የታሰሩት ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች በጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። በክሱ ከተዘረዘሩት አንዱ መልእክትን በምስጢር መያዝ የሚያስተምር ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። በዚያው ወር የፕሪንስተንና የሉቨን ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ አድ ዚስ የተባለው የማጋሪያ ቁልፍ ኩኪ ሳያስፈልገው የጎብኚውን ኮምፒውተር በሚስሉት ሥዕል ጥቃቅን ልዩነት የሚለይ ዘዴ ይጠቀም እንደነበር ተገለጠ። ከ100,000 ታላላቅ ድረ ገጾች ከ5 በመቶ በላይ በሆኑት ላይ ይህ ዘዴ ተገኝቷል፤ አብዛኛው የአድ ዚስ ነበር። እዚህ ዱካን መሸፈን መማር ወንጀል ሆኖ ሲቀርብ፣ እዚያ ዱካ መልቀም ንግድ ነበር። ከተከሳሾቹ አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ ቀሪዎቹን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው።

ስለ መቐለ አንድ ነገር ልበል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ከተማዋም ሁለት ዓመት ያህል ከመስመር ውጭ ሆነች። በቆጣሪ ሰንጠረዥ ላይ ይህ ሁሉ ዜሮ ነው። ማንበብ ያልፈለገና እንዳያነብ የተደረገ ሰው በዚያ ዓምድ ላይ ልዩነት የላቸውም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ ለመሰብሰብ ፈቃዱን ወይም ሌላ ሕጋዊ ምክንያት ይጠይቃል። ቆጣሪን በራስ ሰርቨር ላይ ማኖርም ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ፒዊክ ተብሎ የወጣው፣ ዛሬ ማቶሞ የሚባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ለዚሁ የተሠራ ነው። አድ ዚስን ኦራክል እ.ኤ.አ. በ2016 ገዝቶ በግንቦት 2023 ዘጋው። በድሮ ጦማሮች ላይ የተለጠፉት ቁልፎቹ ከዚያ ወዲህ አይሠሩም።