«ወፍ» እና «ድካም»

በሐይቅና በአምባሰል ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «ወፍ ይዞታል» ይባላል፤ ነገሩም ከሌሊት ወፍ ጋር ይያያዛል። እኔን የሚያሳስበኝ ወፏ ሳትሆን የስሙ ስፋት ነው። ቢጫነት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም፤ የሐሞት ቱቦ ቢዘጋም፣ ጉበት በቫይረስ ቢቆጣም ዓይን ያው ቢጫ ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው ጤነኛ የነበረ ጉበት በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሥራውን ሲተው፣ ደሙ አልረጋ ሲል፣ በሽተኛው መቃዠት ሲጀምር ነው። ይህን «የልብ ድካም»ን ተከትሎ «የጉበት ድካም» ማለት ያዘናጋል፤ የደከመ ሰው ተኝቶ ይነሣል፣ ቤተሰብም «ትንሽ ይረፍ» ይላል። «አጣዳፊ»ን ግን ከአተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ወዲህ ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ «አጣዳፊ የጉበት ሥራ ማቆም» ብንል እመርጣለሁ። «ጉበት እኮ ያገግማል፣ ማቆም ተስፋ ያስቆርጣል» ለሚል፣ የቆመ ወፍጮም ምክንያቱ ከታወቀ ይነሣል እላለሁ። ለምሳሌ ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ለወሰደ ሰው አሴቲልሲስቲን የሚባል ማርከሻ አለ፤ የሚጠቅመውም ቶሎ ሲሰጥ ነው። ሌላው ምክንያት፣ ሄፓታይተስ ኢ፣ ነፍሰ ጡርን ይበልጥ ይጎዳል። ለወፍ ተብለው ከሚጠጡ ቅጠሎችም ራሳቸው ጉበትን የሚጎዱ ይኖራሉ።

ጉበቱ ሳያገግም ሲቀር የሚደረገው «ንቅለ ተከላ» ግን ደስ የሚል ስያሜ ነው። ከመደብ ተነቅሎ ማሳ ላይ የተተከለ ችግኝ መጀመሪያ ይጠወልጋል፣ ውኃም ይፈልጋል፤ አዲስ ጉበት የተተከለለትም ሰውነቱ እንዳይገፋው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይወስዳል። በ1963 እ.ኤ.አ. ዶክተር ቶማስ ስታርዝል ዴንቨር ላይ ሲጀምሩት በሽተኞቹ ብዙ አልቆዩም፤ ዛሬ በተደራጁ ማዕከላት ጉበታቸው በድንገት ሥራ አቁሞ ከተተከለላቸው 10 ሰዎች 8 ያህሉ ዓመቱን ይሻገራሉ። በአገራችን ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የኩላሊቱን ነው።